ዓይነ ቀይዋ የማጀት እንግዳ

«ልጄ፣ ሲኒውን በእጅህ ክደነው፤ አለዚያ ከአንተ በፊት እነሱ ይጠጡታል።»

ይህን ያሉን በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው ለጎረቤትና ለሱቅ በማስረከብ ሁለት ልጆች የሚያስተምሩ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን በሰፈሩ አጠራር «እትዬ» እያልን እንቀጥላለን። «እነሱ» ያሏቸውም ከቡናው በላይ፣ ከሙዙ ሳህን በላይ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ከሊጡ ባልዲ በላይ እንደ ጢስ ተንጠልጥለው የሚያንዣብቡትን፣ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡትን ጥቃቅን ዝንቦች ነው። እጅ ሲወናጨፍ ይበተናሉ፤ እጅ ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ።

ነገሩ በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ከመሰልቸት አያልፍ ይሆናል። ለእትዬ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ያውም በቃሉ በሁለቱም ትርጉም። እኛ ከመሄዳችን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ለክርስትና ድግስ እንጀራ ልታዝ የመጣች አንዲት ደንበኛ፣ ቀብዱን ከቦርሳዋ እያወጣች ሳለ የባልዲውን አፍ አየች። ምንም ክፉ ቃል አልተናገረችም። «እመለሳለሁ» ብላ ወጣች፤ እንደ ወጣችም ቀረች።

«ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» ይላሉ እትዬ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ፍሊት ጨረሱ። ከመስኮቱ ሥር የረገፉት ዝንቦች በመጥረጊያ ተጠረጉ። በሦስተኛው ቀን ግን ከባልዲው በላይ ያ ጢስ እንደ ነበረ ሆኖ ተገኘ።

ለመሆኑ ከየት ይመጣሉ? ምንስ ፈልገው ይመጣሉ? ፍሊቱስ ስለ ምን አልጨረሳቸውም? ይህን ለመመርመር ከእትዬ ማጀት ብዙ መራቅ አላስፈለገንም፤ ሆኖም በመንገዳችን ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኒው ዮርክ፣ አንድ ጊዜም ወደ ፍቼ ጎራ ማለታችን አልቀረም።

ከግቢ ወደ ፎቅ

ቱሉ ዲምቱ የኦሮምኛ ስም ነው፤ «ቱሉ» ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ቀይ ማለት ስለሆነ ቀይ ኮረብታ እንደ ማለት ነው። ሰፈሩ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት አጠገብ ይገኛል። ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ ፎቆች በረድፍ ቆመዋል። ዕጣ የወጣላቸው ቤተ ሰቦች ከየሰፈራቸው ተነሥተው ወደዚህ ሲመጡ አልጋና ቁም ሣጥን ብቻ ይዘው አልመጡም፤ ባልትናቸውንም ይዘው መጥተዋል። ይኸውም የሊጡ ባልዲ፣ የጌሾው ቋጠሮ፣ ድልሁና የጠላው ጋን ማለት ነው።

ይዘውት ያልመጡት ግቢውን ነው። በቀድሞው ኑሮ ማጀት ከመኝታ ቤት ተለይቶ በጓሮ በኩል ይሠራ ነበር። አተላው ላም ላለው ጎረቤት ይሰጣል፤ የሽንኩርቱና የድንቹ ልጣጭ ከጓሮ ይደፋል፤ ዝንቡም ከዚያው ከጓሮው ይውላል። ሰውና ዝንብ ድንበራቸውን ለይተው ይኖሩ ነበር ማለት ይቻላል። በፎቅ ቤት ግን ማጀቱ፣ ሳሎኑ፣ የቆሻሻው ከረጢትና የፍራፍሬው ሳህን በጥቂት እርምጃ ውስጥ ተጠጋግተዋል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት በተራቸው ቀን ስለሚመጡ ከረጢቱ ቀኑን ይጠብቃል። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሳምንት ደግሞ ዕቃው ሳይታጠብ ያድራል፤ በጀሪካን የተቀመጠውን ውሃ ለሲኒ ማለቅለቂያ የሚያባክን ሰው የለምና። የሰፈሩን ሰው ንጽሕና አይወድም ብሎ የሚወቅስ ቢኖር፣ አንድ ሳምንት በጀሪካን ውሃ ኖሮ ይሞክረው እንላለን።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የአየሩ ሙቀት ነው። ከእንጦጦ ራስ ተነሥቶ እስከ አቃቂ ሲወረድ ከተማው ወደ 1000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በዚህ ያህል ቁልቁለት አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ሞቅ ይላል። ይህ ለሰው ሹራብ የማውለቅ ጉዳይ ነው። ለዚህች ዝንብ ግን የልጆቿን ማደጊያ ቀን የሚቆርጥ ነገር ነው፤ እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች እናየዋለን።

ማን ናት?

አብዛኛዎቻችን ትንኝ ብለን እናልፋታለን። ሊቃውንቱ የሚሏት «ድሮሶፊላ» ነው፤ ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «ጤዛ ወዳድ» ማለት ነው። ከማጀት የምትገኘው ዋናዋ ዓይነት «ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር» ትባላለች፤ ሁለተኛው ስሟ ሲፈታ «ሆደ ጥቁር» ይሆናል። እንዲህ ላለች ኢምንት ፍጥረት ስሟ ረዘም አለ እንጂ፣ ከእትዬ ልጆች አንዱ ባመጣልን ማጉያ መነጽር ስናያት ስሙ ይገባታል ለማለት በቅተናል። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ገላዋ ዳማ ሆኖ ጀርባዋ ላይ ጥቋቁር መቀነቶች አሉባት። ዓይኖቿ እንደ ሮማን ፍሬ ቀይ ናቸው። አትናከስም፤ ደምም አትመጥም።

የፍራፍሬ ዝንብ ትባል እንጂ እውነተኛ ምኞቷ ፍሬው አይደለም፤ እርሾው ነው። ሙዝ ወይም ቲማቲም በስሎ ማለፍ ሲጀምር ልጣጩ ላይ በዓይን የማይታይ እርሾ ይራባል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ከአልኮሉም ጥቂቱ ወደ ሆምጣጣነት ይሄዳል። ዝንቢቱን ከሩቅ የሚጠራት ይህ ሽታ ነው፤ ትሎቿም የሚያድጉት እርሾውን እየበሉ ነው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ሊጥ ሁለትና ሦስት ቀን በባልዲ በሚቦካበት፣ ጥንስስ በሚጠነሰስበት፣ ጠጅ በሚጣልበት አገር ይህች ዝንብ እንግዳ ነኝ ብላ ታፍራለችን? ከዓለም ማጀቶች ሁሉ የእኛው ሳይስማማት አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ የስም መምታታት አለ። ማንጎ ሲቆረጥ ከውስጡ ነጭ ትል ሲገኝ ያችንም «የፍራፍሬ ዝንብ» ያደረገችው ነው ይባላል። እርሷ ግን ሌላ ናት፤ አካሏ የቤት ዝንብ ያህል ሲሆን ገና ከዛፉ ያልወረደውን ጤነኛ ፍሬ ወግታ እንቁላሏን የምትጥል የገበሬ ጠላት ናት። የማጀቷ ዝንብ ይህን ጉልበት አልታደለችም። የተሰነጠቀ፣ የተመታ ወይም የቦካ ነገር ትፈልጋለች።

እንቁላሏን ነገር ካላወቅን ግን ምንም አላወቅንም። አንዲት ሴት ዝንብ በዕድሜዋ 400 ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አንዱ እንቁላል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሙዝ ላይ ቢኖር ማንም አያየውም። ከእንቁላሉ ትል ይወጣል፤ ትሉ በልቶ ከወፈረ በኋላ ደረቅ ቦታ ፈልጎ ቡናማ ቅርፊት ይለብሳል፤ ከቅርፊቱም ክንፍ ያላት ዝንብ ትወጣለች። ይህ ሁሉ በ25 ዲግሪ ሙቀት 10 ቀን ያህል ብቻ ይፈጃል። በ18 ዲግሪ ግን 20 ቀን ገደማ ይወስዳል። ከሞቀ ምጣድ አጠገብ የሚኖር ባልዲ በአዲስ አበባ አየር አይመራም፤ በራሱ ትንሽ ቆላ ውስጥ ነው ያለው።

የእትዬ ፍሊት ለምን እንዳልሠራ አሁን ግልጥ ይሆናል። የሚበሩትን ገደለ፤ ከበሰበሰው ነገር ውስጥ የተሸሸጉትን ትሎችና ቅርፊት ለብሰው የተኙትን ግን አልነካቸውም። በማግስቱ ከቅርፊታቸው የወጡት የሟቾቹ ልጆች ናቸው።

ኒው ዮርክና ፍቼ

ይህችው እትዬ በመጥረጊያ የሚጠርጓት ዝንብ በሌላው ዓለም ምን ያህል እንደ ተከበረች መናገር ሳያስቅ አይቀርም። (ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቶማስ ሃንት ሞርጋን የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በወተት ጠርሙስ ያረቧት ነበር፤ ቀለቧም ሙዝ ነበር። በ1910 ከቀይ ዓይኖቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ዝንብ ተገኘ። የእርሱን ልጆችና የልጅ ልጆች ቆጥረው፣ ልጅ ከወላጁ መልክን የሚወርስበት ነገር በሴል ውስጥ ባሉት ክሮሞዞሞች ላይ እንደሚገኝ አስረዱ። ስለዚህም በ1933 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በየካቲት ወር 1947 ደግሞ አሜሪካኖች ከኒው ሜክሲኮ በተኮሱት ሮኬት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥታ በሕይወት ተመለሰች፤ ወደ ጠፈር ለመውጣት ከእንስሳት ሁሉ ቀዳሚዋ እርሷ ናት። በ2017ም ሦስት አሜሪካውያን የሰውነት የውስጥ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በእርሷ ላይ አጥንተው ኖቤል ተሸለሙ። ይህ የመጨረሻው ለእኛም ይጠቅመናል። ሰዓቷ የሚያነቃት በተለይ ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ስለዚህ ከየት እንደምትወጣ ማየት የሚፈልግ ሰው በቀትር ሳይሆን በእነዚህ ሰዓቶች ይጠብቃት።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። የዝንቢቱ ጥንተ መነሻ ደቡባዊው አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል። ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች፣ ከእኛም አገር ከፍቼና ከሌሎች ስፍራዎች፣ ዝንቦች ሰብስበው ገላቸውን ሲያስተያዩ፣ ከሁሉ የጠቆሩት የኢትዮጵያ ዝንቦች ሆነው ተገኙ፤ ይህም በ2014 ታትሞ ወጥቷል። ጥቁረታቸውም በይበልጥ ከብርቱው የፀሐይ ጨረር ጋር የተያያዘ መሆኑን ጥናቱ ያመለክታል። የፍቼዎቹ የተለቀሙበት ቦታ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። የደጋዎቹ ዝንቦች በአካልም ከቆላዎቹ ይገዝፋሉ፤ ብርዱንም ይችላሉ። እትዬ ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ የኛዎቹ ደገኞች ናቸዋ፤ ለዚህ ነው በብርዱም የማይለቁኝ» አሉ።

የጋኑ አፍ

የማትናከስ ከሆነ ምን ጎዳችን? የሚል ይኖር ይሆናል። ሊጡን በተመለከተ ጉዳቱ ከበሽታ ይልቅ የአስጠሊነት ነው፤ ምጣዱ ላይ የተሰፋ እንጀራ እሳት ስለሚያገኘው ትልም እንቁላልም አይተርፍበትም። ዝንቢቱ ግን ከቆሻሻው ከረጢት ወደ ሳህኑ ስትመላለስ እግሯን አትታጠብም፤ ሳይበስል የሚበላውን ሰላጣና የተላጠ ፍሬ ስለዚህ መክደን ይገባል።

እውነተኛው ጉዳት በጠላና በጠጅ ላይ ነው። አልኮልን ወደ አቼቶ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ ሥራቸውን የሚሠሩት አየር ሲያገኙ ነው፤ ከዕቃ ወደ ዕቃ ከሚያጓጉዟቸውም አንዷ ይህችው ዝንብ ናት፤ በእግሯም በአንጀቷም ይዛቸው ትዞራለች። አፉ ተከፍቶ ባደረ ጠላ ላይ ብታርፍ የሆምጣጣነቱን ዘር ዘርታበት ትነሣለች። በአውሮፓም ወይን ጠማቂዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያማርሯት በዚህ ምክንያት ነው።

እናቶቻችን የባክቴሪያን ስም ሳይሰሙ የጋኑን አፍ ከድነው በጭቃ ያትሙት የነበረው እንግዲህ ያለ ነገር አልነበረም። «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» የሚለው ተረት ስለ ደካሞች ኅብረት የተነገረ ነው፤ እኛ ግን ቃል በቃል ብንወስደው ደስ ይለናል። በእርግጥም አይከፍትም። ክፍቱን የምንተወው እኛ ነን፤ በእትዬ ቤት የሆነውም ይኸው ነው።

ፍለጋው

በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከእትዬና ከልጆቻቸው ጋር ሆነን መነሻውን ልንፈልግ ተነሣን። ሁላችንም የጠረጠርነው የሊጡን ባልዲ ነበር። ሊጡን መረመርነው፤ ምንም የለበትም። በየሦስት ቀኑ ተጋግሮ ስለሚያልቅ ትል ለማሳደግ ጊዜ አይሰጥም። ነገር ግን ከባልዲው ከንፈር በታች፣ እጀታው በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እየደረቀና እየረጠበ የተጋገረ የሊጥ ቅርፊት ነበረ። በቢላ ጫፍ ስንፍቀው ሁለት ሦስት ነጫጭ ትሎች ተገኙበት።

ይህ ግን ያን ሁሉ መንጋ አያወጣም። ፍለጋው ቀጠለ። ከምድጃው ኋላ ባለው የሽንኩርት ጆንያ ሥር አንድ ውሃ ያወጣ ድንች ተገኘ። እርጥቡ የወለል መጥረጊያ ጨርቅ ሸተተን። ባዶ የለስላሳ ጠርሙሶች ባሉበት ሣጥን ውስጥ በየጠርሙሱ ሥር አንድ ጉንጭ የቀረ ነገር አለ። እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ዝንብ ያሳድግ ነበር።

ዋናውን ያገኘችው ትንሿ ልጃቸው ናት። በረንዳው ላይ፣ ከውሃ ጀሪካኖቹ ኋላ፣ እትዬ ከእናታቸው የወረሱት ጋን ቆሟል። የፋሲካን ጠላ ቀድተው ከጨረሱ በኋላ ውሃ በመጣ ጊዜ ይታጠባል ብለው አፉን በወንፊት ከድነው ትተውት ኖሯል። ውሃውም መጥቶ ሄደ፤ ጋኑም ተረሳ። ልጅቱ ወንፊቱን ስታነሣው ከውስጡ የወጣው የዝንብ ደመና ወደ ኋላ አስፈነጠረን። ከሥሩ አንድ ጣሳ የማይሞላ አተላ ቀርቶ ነበር፤ አተላውም ይንቀሳቀስ ነበር። በጋኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ እስከ አንገቱ ድረስ ሰሊጥ የሚመስሉ ቡናማ ቅርፊቶች በመቶ በመቶ ተለጥፈው ነበር።

እትዬ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም፣ «እኔ ሰው ባልዲዬን አየብኝ ብዬ አለቅሳለሁ፤ የእናቴን ጋን አረከስኩት» አሉ። ወንፊት ዱቄት ይነፋል እንጂ ይህችን ዝንብ የማይከለክል መሆኑን ማን ነገራቸው?

ምን ተደረገ?

ከሁሉ አስቀድሞ መነሻው ተወገደ። አተላው፣ ድንቹና የሊጡ ቅርፊት በከረጢት ታስሮ በዚያው ቀን ከሕንፃው ወጣ። ከረጢቱን ሳያስሩ እቤት ደጃፍ ማሳደር ዝንቢቱን ከማጀት ወደ ደረጃ ማዛወር ብቻ ነው። ጋኑ በሙቅ ውሃና በግራዋ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በወይራ ታጥኖ ተደፋ። ጠርሙሶቹ ተለቅልቀው ወደ ሱቅ ተመለሱ። መጥረጊያው ጨርቅ ከታጠበ በኋላ ተጨምቆ ውጭ እንዲሰጣ ተደረገ።

ለሊጡ አዲስ ክዳን ተበጀለት። ባልዲውን በራሱ ክዳን ድርቅ አድርጎ መዝጋት አይሆንም፤ ሊጡ ሲቦካ ትንፋሽ ያወጣልና ክዳኑን ያነሣዋል። ነጠላም ሳሳ ያለ ስለሆነ አያስተማምንም። የሚሻለው አቡጀዲ ነው፤ ሽመናው ጥብቅ ስለሆነ ትንፋሹን አሳልፎ ዝንቡን ያስቀራል። በአፉ ላይ ወጥሮ ዙሪያውን በላስቲክ ማሰር ነው። ሊጥ በተቀዳ ቁጥር የባልዲውን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ከክዳኑ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ከገበያ የሚመጣ ሙዝ ልጣጩ ላይ እንቁላል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት እጅ፣ ስንት መደብ ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ ነው። ቤት እንደገባ አጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ ውሃ ከሌለ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም ይበቃል። ፍሪጅ ያለው ሰው የበሰለውን ፍሬ እዚያ ቢያስገባው እንቁላሉ በብርዱ አያድግም። የሙዙ ልጣጭ ይጠቁራል እንጂ ውስጡ አይበላሽም።

የሚበሩትን ለመያዝ ወጥመድ ተሠራ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። በብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አቼቶ ይደረጋል፤ አቼቶ ከሌለ ያደረ ጠላ፣ ወይም የጠጅ ዝቃጭ በጥቂት ውሃ፤ እንዲያውም እትዬ ቤት ከአቼቶው ይልቅ ያደረው ጠላ በለጠ። በላዩ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ይደረግበታል። ሳሙናው ዋና ነገር ነው። ዝንቢቱ እጅግ ቀላል ስለሆነች ንጹሕ ፈሳሽ ላይ ቆማ ጠጥታ ትሄዳለች፤ ሳሙና ሲገባ ግን የፈሳሹ ገጽ ይላላና ትሰምጣለች። ከዚያም ወረቀት እንደ ቆሎ መጠቅለያ ተደርጎ ይጠቀለልና የሾለው ጫፉ በመቀስ ጥቂት ተቆርጦ ወደ ታች ሆኖ በብርጭቆው አፍ ላይ ይተከላል። በሰፊው በኩል ትገባለች፤ በጠባቡ ተመልሳ መውጣት አይሆንላትም።

ይህን ስንል አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ወጥመዱ በየሦስት ቀኑ ካልተደፋ፣ ይልቁንም ሙዝ የተጨመረበት ከሆነ፣ ራሱ ማሳደጊያ ይሆናል። ብርጭቆውን ተክሎ የረሳ ሰው ዝንብ አርቢ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ፍሳሹም ጥቂት እንበል። ከመታጠቢያው ወለል ቀዳዳ የሚወጡት፣ ክንፋቸው ሰፋ ያለና ጠጉር ያለበት፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚውሉት ሌላ ወገን ናቸው፤ አቼቶ አይጠራቸውም። ከፍሳሹ መውጣት አለመውጣታቸውን ለማወቅ ማታ ቀዳዳው ላይ ብርጭቆ ደፍቶ ማደር ነው፤ ጠዋት ብርጭቆው ውስጥ ከተገኙ መነሻው እዚያ ነው። ውሃ ለረጅም ጊዜ ሳይፈስበት የሚከርም ቀዳዳ ሽታውን የሚዘጋው የውስጥ ውሃ ይደርቅበታል። ቧንቧውን በብሩሽ ፈትጎ ትኩስ ውሃ በሳሙና መልቀቅ፣ ከዚያም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ይረዳል። የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሆነ የፈላ ውሃ አይስማማውም።

ስለ መርዝ ያለንን ሐሳብ አንሸሽግም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከ60 ዓመት በፊት ቢጻፍ ኖሮ ጸሐፊው ያለ ጥርጥር «ዲዲቲ ይረጭ» ይል ነበር። የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያገኙት ስዊሳዊው ፓውል ሙለር በ1948 ኖቤል ተሸልመውበታል፤ አሜሪካ ግን በ1972 ለእርሻ እንዳይውል አገደችው። ይህች ዝንብ ራሷ ዲዲቲን መቋቋም ከቻሉት አንዷ ናት። ዛሬም ለአትክልት የሚረጨውን ማላታይን በውሃ መያዣ ጠርሙስ ቀድተው ለማጀት የሚያውሉ ሰዎች አሉ። ይህ ከድፍረት ሁሉ የከፋ ነው። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ የውስጡን አያውቅም። ሊጥ ባለበት ክፍል ፍሊት መንፋትም ቢሆን ለእንጀራው ሌላ ቅመም መጨመር ነው።

የዕጣንና የወይራ ጢስ ያባርራቸዋል ወይ ብለው የጠየቁን አሉ። ለጊዜው ያባርራል። ጢሱ ሲበን ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሆኖም ቡና እስኪጠጣ ድረስ ፋታ ማግኘትም አንድ ነገር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

ለምን ሦስት ሳምንት? አንዱ እንቁላል በሰፈሩ አየር አድጎ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ይህ ስለሆነ ነው። መነሻው ከተወገደ በኋላም በየስንጥቁ ቅርፊት ለብሰው የቀሩት መውጣታቸው አይቀርም። ብዙ ሰው በአምስተኛው ቀን ዝንብ አይቶ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። እትዬ አልተዉም። ልጆቹ በወጥመዱ የወደቁትን እየቆጠሩ በደብተር ይጽፉ ነበር፤ በመጀመሪያው ሌሊት 83፣ በሁለተኛው ሳምንት በአንድ ሌሊት 11፣ እኛ በተመለስንበት ቀን ደግሞ 2 ተመዝግቧል።

ክርስትናው ያለ እትዬ እንጀራ አልፏል፤ ያች ደንበኛም አልተመለሰችም። ሌላ ቤት ግን ለተዝካር አዝዞ ስለ ነበር እትዬ ምጣዱ ላይ ሆነው ነው የተቀበሉን። ባልዲው ነጭ አቡጀዲ ለብሶ ጥግ ይዟል። ጋኑ በረንዳው ላይ ተደፍቷል፤ ለመስቀል ጥንስስ እንደሚጥሉበት ነገሩን።

ሁለቱ ዝንቦች ግን ሁለት ሆነው አልቀሩም፤ ከምድር ቤት በደረጃው ሽቅብ የሚመጡ እንዳሉ እትዬ ደርሰውበታል። ከታች ፍራፍሬ የሚቸረችር ጎረቤት አለ፤ የተበላሸውን ሙዝ ከደረጃው ሥር በካርቶን ያከማቻል። «መልካም ልጅ ነው፤ እንዲህ እንደሚሆን አላወቀም» ይላሉ። የሕንፃው ኮሚቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስለሚሰበሰብ ነገሩን እዚያ ሊያነሡት አስበዋል። አንድ የተጠቀለለ ወረቀትና አንድ ብርጭቆም ለማሳያ አዘጋጅተዋል።